ከቀትር በኋላ ይቋረጥ የነበረው የፋብሪካ አምፕሊፋየር

አዳማ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ለጥሪና ለማስጠንቀቂያ የሚያገለግለው ባለ 240 ዋት አምፕሊፋየር ጠዋት ያለችግር ሠርቶ ከቀትር በኋላ የሙቀት መከላከያ መብራቱ እየበራ ድምፁ ይቋረጥ ነበር። የማራገቢያው ፊልትሮ በአቧራ ተደፍኖ ነበር፤ በአዳማ ነፋስ ይህ አያስገርምም። ኃይሉን አቋርጬ ካጸዳሁት በኋላ መቋረጡ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ዋናው ምክንያት የ100 ቮልቱ የስፒከር መስመር ነበር። አሥሩም ሆርን ስፒከሮች በ30 ዋት ታፕ (ስፒከሩ ከመስመሩ የሚወስደውን ኃይል መምረጫ ነጥብ) ላይ በመገናኘታቸው ጭነቱ 300 ዋት ደርሶ፣ ማሽኑ ከ42 ኦም በታች መሸከም የማይገባው ሆኖ ሳለ፣ የመስመሩ ኢምፒዳንስ (ለድምፅ ሲግናሉ ያለው ተቃውሞ) ወደ 33 ኦም ወርዷል። ይህን በተራ መልቲሜትር ማወቅ አይቻልም፤ እሱ የሚያነበው በየስፒከሩ ያለውን የትራንስፎርመር ጥቅል ሽቦ ሬዚስታንስ (ለቀጥተኛ ጅረት ያለውን ተቃውሞ) ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ እጅግ አንሶ መስመሩ ሾርት ያደረገ ያስመስለዋል። የለካሁት በኢምፒዳንስ ሜትር ነው።

በቢሮዎችና በመጋዘኑ በኩል ያሉትን 6 ስፒከሮች ወደ 15 ዋት ታፕ አዛወርሁ፤ ማሽኖች በሚጮኹበት አዳራሽ ያሉትን 4ቱን ግን አልነካሁም። ጭነቱ 210 ዋት፣ ኢምፒዳንሱም 48 ኦም ገደማ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አምፕሊፋየሩ በቀትር ሙቀትም ሳይቋረጥ ይሠራል፤ ፊልትሮውን በየወሩ ማጽዳት ለጥገና ክፍሉ ተሰጥቷል።