ኮርድ ስትተኩ ዜማውን አታስቀይሙት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ማታ ማታ ከጀማሪ ጊታሪስቶች ጋር እንለማመዳለን። ልጆቹ ጃዝ ሲጀምሩ ቶሎ የሚወዱት ነገር አንዱን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) በሌላ መተካት ነው። እኔም በጣም እወደዋለሁ። ለዚህም ነው ሲበላሽ የሚያመኝ።

ዜማውን ሳይሰሙ መተካት

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ዲ ማይነር ሰቨን፣ ጂ ሰቨን፣ ሲ ሜጀር ሰቨን የሚባሉትን ኮርዶች በተከታታይ እየተጫወታችሁ ነው እንበል (ሲ፣ ዲ፣ ጂ የድምፆች ስም ናቸው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። በጂ ሰቨን ቦታ ዲ ፍላት ሰቨን መግባት ይችላል። ምክንያቱን ጊታሩ ላይ እዩት። ከቀጭኑ ክር ስትቆጥሩ አራተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት የተከፈለው ቦታ) ላይ ኤፍ አለ። ሦስተኛው ክር አራተኛ ፍሬት ላይ ደግሞ ቢ አለ። ሁለቱን ጣቶቻችሁን ሳታነሱ ስድስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ጂን ጨምሩ፤ ጂ ሰቨን ነው። ጂን ትታችሁ አምስተኛው ክር አራተኛ ፍሬትን ያዙ፤ ዲ ፍላት ሰቨን ሆነ። ቤዙም (የታችኛው ድምፅ) ከዲ ወደ ዲ ፍላት፣ ከዚያ ወደ ሲ በግማሽ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል። ደስ ሲል!

ግን ዘፋኟ እዚያ ቦታ ዲ ላይ ረዘም አድርጋ ብትቆምስ? ጂ ሰቨን ውስጥ ሰላም የነበረው ዲ አሁን ከዲ ፍላት ጋር ይፋጫል። ዜማው ጂ ላይ ከሆነ ግን ያምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ዜማውን አዚሙት፣ ከዚያ ተኩ።

መዝጊያውን መተካት

ሲ ሜጀር ሰቨንን በኢ ማይነር ሰቨን መተካት መሃል ላይ ጥሩ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ ዜማውም ሲ ላይ ሲያርፍ ግን ኮርዱ ውስጥ ሲ ስለሌለ ቢው ይረብሸዋል። ሰሚው ቤት ሊገባ ሲል በር ተዘጋበት ማለት ነው።

ለቤዝ ተጫዋቹ አለመንገር

እሱ ጂ ላይ ከቀረ ያ ቆንጆ አወራረድ ጠፋ። ንገሩት። ታችኛውንም ድምፅ ለእሱ ተዉለት፤ ሁለታችሁም እዚያ ከገባችሁ ድምፁ ይጨማለቃል።

ሳይቃኙ መፍረድ

በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጊታር ይዛችሁ ሞቅ ያለ ክፍል ስትገቡ ቅኝቱ ይንሸራተታል። ትንሽ ቆዩና እንደገና ቃኙ። አለበለዚያ የጎመዘዘው ኮርዱ ይሁን ክሩ አታውቁትም።

ትዝታን እንደ ማንኛውም ዘፈን ማየት

ይሄን ሁልጊዜ እደግመዋለሁ። ከሲ የሚነሳው የትዝታ ሜጀር ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚጠቀማቸው ድምፆች፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። አሁን ዲ ፍላት ሰቨንን ቁጠሩት፦ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ። ከአራቱ አንዱም ቅኝቱ ውስጥ የለም! አንድ የመንዝ አዝማሪ በዚያች ባለ አንድ ክር ማሲንቆ ትዝታ ሲጫወት ከሥሩ ይሄን ኮርድ ብትጥሉበት ዜማው ባዳ ይሆንባችኋል። ሲን በኤ ማይነር ሰቨን ብትተኩት ግን ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ ጂ አራቱም የቅኝቱ ልጆች ናቸው። ቀለሙ ይቀየራል፣ ትዝታው ግን አለ።

የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ቅኝትና የጃዝ ኮርድ አብረው መኖር እንደሚችሉ አሳይቶናል። ስለዚህ አትተኩ እያልኩ አይደለም። ዛሬ ማታ ትዝታን እያንጎራጎራችሁ ሲን አንዴ በኤ ማይነር ሰቨን፣ አንዴ በኢ ማይነር ሰቨን ተኩት። ከቅኝቱ ውጭ የሆነችው ቢ ስትገባ ጆሯችሁ ምን እንደሚል ስሙ።