ኮንፊግ ፋይል ስንጭን ፐርሚሽን ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ማታ አዲስ ቨርዥን ሰርቨር ላይ ጫንኩ። ፕሮግራሙ ያለ ኮሽታ ተነሳ። ጠዋት ስገባ የደንበኞች ዝርዝር ባዶ ነው። ክው አልኩ። ዳታው ግን አልጠፋም። ኮንፊግ ፋይሉ (የፕሮግራሙ ቅንብር የሚጻፍበት) የሩት፣ ማለትም የሁሉን ቻዩ ዋና ዩዘር ነበር፤ ፕሮግራሙ የሚሠራው ደግሞ በሌላ ዩዘር ነው። ማንበብ ሲከለከል የኔው ኮድ ነገሩን ዋጥ አድርጎ በዲፎልት (ሌላ ካልተነገረው በሚጠቀምበት ቅንብር) ቀጠለ። አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ፈጥሮ ቁጭ!

ክልከላን እንደ "የለም" መቁጠር። ፋይሉ አለመኖሩና ኖሮ መከልከሉ ለየቅል ናቸው። ፓይተን እንኳ "ፋይል ኖት ፋውንድ ኤረር" እና "ፐርሚሽን ኤረር" ብሎ ለይቷቸዋል። ለመጀመሪያው ዲፎልት ያስኬድ ይሆናል። ለሁለተኛው ግን ፕሮግራሙ ይቁም። ሲቆምም የፋይሉን ሙሉ ፓዝ (ያለበትን አድራሻ) እና የተከለከለውን ዩዘር ይጻፍ። "ኮንፊግ መጫን አልተቻለም" የሚል ሎግ ከእንቅልፉ ለተቀሰቀሰ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ፋይሉ መኖሩን በ"ኤግዚስትስ" መጠየቅም አያድንም፤ ፎልደሩ ውስጥ መግባት ከተከለከላችሁ ፋይሉ እያለ "የለም" ይላችኋል።

መጀመሪያ አጣርቶ ከዚያ መክፈት። "ማንበብ እችላለሁ?" ብላችሁ በ"አክሰስ" ጠይቃችሁ እስክትከፍቱ ፋይሉ ሊቀየር ይችላል። ዝም ብላችሁ ክፈቱ፤ ከተከለከላችሁ ኤረሩን ያዙ። ባለቤቱንና ፐርሚሽኑን ማየት ካስፈለገ፣ የከፈታችሁትን ፋይል ራሱን፣ የተከፈተ ፋይልን መረጃ በሚሰጠው በ"ኤፍስታት" እዩት።

ፐርሚሽኑን 777 ማድረግ፣ ማለትም ለሁሉም ሁሉንም መፍቀድ። ሁላችንም ሠርተነዋል፤ መካድ የለም። ችግሩ ይጠፋል፣ ግን ማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ዩዘር ፓስወርዳችሁን ያነባል፣ ይቀይራልም። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ሁሉም ሊጽፍበት የሚችል ኮንፊግ ካገኘ አስጠንቅቆ ሳያነበው ያልፈዋል። ከሩቅ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘን ኤስኤስኤችም ሌሎች የሚያነቡትን ፕራይቬት ኪይ አልቀበልም ይላል። የናንተም ኮድ እንዲህ ቢኮራ አይከፋም። ፓስወርድ ላለበት ፋይል 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት)፣ ግሩፑ ማንበብ ካለበት 640 ይበቃል።

ጊትን (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን መሣሪያ) ማመን። ጊት የሚያስታውሰው ፋይሉ ኤግዚኪውት ይደረግ እንደሆነ ብቻ ነው። 600 ያላችሁት ፋይል ክሎን ሲደረግ (ወደ ሌላ ማሽን ሲቀዳ) ብዙውን ጊዜ 644፣ ማለትም ሁሉም የሚያነበው ሆኖ ይመጣል። (መጀመሪያውኑ ፓስወርድ ጊት ውስጥ ምን ይሠራል?)

ሩት ሆኖ ቴስት ማድረግ። ዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው ከልሎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ዩዘሩን ካልቀየራችሁት በቀር ሩት ናችሁ። ሩት ደግሞ ፋይሉን 000 (ለማንም ያልተፈቀደ) ብታደርጉትም ያነበዋል። ስለዚህ የክልከላ ቴስታችሁን በተራ ዩዘር አስኪዱት።