ኤስፒኤስኤስ ከመክፈታችሁ በፊት ግራፍ አስሏቸው

ጎንደር ላይ በትምህርት ዘርፍ ማስተርስ ለሚማሩ መምህራን ስታትስቲክስ የምታስተምሩ፣ ኤስፒኤስኤስን፣ ማለትም የስታትስቲክስ ማስሊያ የኮምፒውተር ፕሮግራሙን፣ ቶሎ አትክፈቱት።

በ1973 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለ የስታትስቲክስ ምሁር አራት ትንንሽ የመረጃ ስብስቦች አሳተመ። እያንዳንዱ 11 ጥንድ ቁጥር ነው። የአራቱም አማካይ አንድ ነው፤ ኤክስ 9፣ ዋይ 7.5። ተዛምዷቸውም፣ ማለትም ኤክስና ዋይ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየው ቁጥር፣ 0.82 ገደማ ነው። ግራፍ ላይ ሲሰፍሩ ግን ጭራሽ አይመሳሰሉም። አንዱ ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋል፣ ሌላው ይጎብጣል። በአንዱ ደግሞ ተዛምዶውን የፈጠረችው ርቃ የቆመች አንዲት ነጥብ ብቻ ናት!

ክፍሉን በአራት ቡድን ክፈሉና አንድ አንድ ስብስብ ስጧቸው። መጀመሪያ አስልተው ውጤቱን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑን ካዩ በኋላ ግራፍ ወረቀት ላይ ይሳሉት። መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

በክረምት ከዳባትና ከደባርቅ የሚመጡት ደግሞ የተማሪዎቻቸውን የሂሳብና የእንግሊዝኛ ውጤት ያምጡ፣ ስም ሳይጻፍበት። ከሌሎቹ የራቀች ነጥብ ሲያዩ "ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?" ማለታቸው አይቀርም። እኔ በበኩሌ ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ከዚህ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል ባይ ነኝ።