ትልቅ ብርድ ልብስ በቤት ስፌት መኪና ከፋፍሎ መስፋት

ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ ለሚኖር ሰው ስለ ብርድ አይነገረውም። ባናውም ዝተቱም አለ፤ ግን ላዩ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ታቹ ገበር የሆነ ብርድ ልብስም ቤት ውስጥ ይሰፋል። ችግሩ የቤት መኪና ክንዱ ሥር ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ ሁለት ሜትር ከምናምን የሚሆን ነገር ጠቅልላችሁ ልታስገቡ ብትሞክሩ መኪናውም እናንተም ትደክማላችሁ።

መላው ሦስት ቦታ መክፈል ነው። በየክፍሉ ጥጡና ገበሩ ከላዩ ጨርቅ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይትረፉ። ሦስቱን ንብርብር በእጅ ወስወስ አድርጉ (መርፌ ቁልፍም ይሆናል)፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር ስፉ። የስፌቱን ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ አድርጉት። አደራ፣ የሚገጣጠመው ጠርዝ ጋ 5 ሴንቲ ሜትር ሲቀር አቁሙ።

ዋናው መግጠሙ ነው። ጥጡንና ገበሩን ወደ ኋላ አጥፋችሁ ያዙና የሁለቱን ክፍል የላይ ጨርቅ ብቻ ፊት ለፊት አድርጋችሁ በመኪና ስፉ። ገልብጡት። ጥጡን ጫፍ ለጫፍ እንዲነካካ ከርክሙት እንጂ አታደራርቡት፣ ጉብ ይላል። በእጅ ላላ አድርጋችሁ አያይዙት። አንዱን ገበር ዘርግታችሁ፣ የሌላውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ከላዩ አስተኙና በእጅ ስፉ። በመኪና ካልሆነ የሚል አለ፤ እኔ የእጁን እመርጣለሁ፣ ከፊት በኩል አይታይማ።

የቀረውን ባዶ መስመር በመኪና ሙሉት፣ ሦስተኛውንም እንደዚሁ ግጠሙ፣ ዙሪያውን ቀምቅሙት።