በዲቪዲና በብሉ-ሬይ በወጡ ፊልሞች ላይ አስተያየት ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዲስክ የወጣ ፊልም ወይም ዘጋቢ ፊልም አይቶ አስተያየቱን የሚጽፍ ሰው በአንድ ጊዜ ስለ ሦስት ነገር ይናገራል፦ ስለ ሥራው፣ ሥራው ስለታተመበት ዲስክ፣ ዲስኩ ስለተጫወተበት ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ። አንባቢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው፤ የጸሐፊውን ቴሌቪዥን አብሮ አይገዛም። ሆኖም «ምስሉ ደብዛዛ ነው»፣ «ድምፁ አይሰማም»፣ «ተቆርጧል» የሚሉ ምሬቶች ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ያልሆነውን ይከሳሉ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ መደበላለቅ የሚመጡ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትኛውን እትም እንዳዩ ሳይናገሩ ማለፍ

የመሸጫ ድረ ገጾች የአንድን ፊልም ዲቪዲ፣ ብሉ-ሬይና 4ኬ ዲስክ አስተያየቶች ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ይሰበስባሉ። ስለ ዲቪዲው የተጻፈ ቅሬታ ከ4ኬው ሥር ተለጥፎ ይገኛል ማለት ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ቀላል አይደለም። የዲቪዲ ምስል 720 በ480 ወይም 720 በ576 ፒክስል ነው፤ የብሉ-ሬይ 1920 በ1080፣ የ4ኬው ደግሞ 3840 በ2160።

ፊልሙ ራሱም ከአንድ በላይ ቅጂ ሊኖረው ይችላል። የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ረነር» በ1982 ሲኒማ ቤት የገባው፣ በ1992 የዳይሬክተሩ ቅጂ ተብሎ የወጣውና በ2007 የመጨረሻው የተባለው አንድ አይደሉም። በ1982ቱ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ታሪኩን በድምፁ ይተርካል፤ በኋለኞቹ ሁለቱ ትረካው የለም። «ትረካው ያሰለቻል» ብሎ የትኛውን እንዳየ ያልተናገረ ሰው፣ የ2007ቱን ሊገዛ ያሰበውን አንባቢ ከንቱ ስጋት ላይ ይጥለዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ላይ የዲስኩን ዓይነት፣ አሳታሚውን፣ ዲስኩ የወጣበትን ዓመትና ከሽፋኑ ጀርባ ካለው ባርኮድ ሥር ያሉትን ቁጥሮች ይጻፉ። በሽፋኑ ላይ ከቅጂ መብት ምልክት አጠገብ ያለው ዓመት ብዙ ጊዜ ፊልሙ የተሠራበት እንጂ ዲስኩ የታተመበት አይደለምና አያምታታዎት።

ርዝመቱ ስላጠረ «ተቆርጧል» ማለት

ፊልም በአብዛኛው የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ነው። ፓል የሚባለውን ሥርዓት የሚከተሉ ዲቪዲዎች ግን በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሚያሳዩ፣ ፊልሙ ትንሽ ፈጠን ተደርጎ ይታተማል። 100 ደቂቃ የነበረው 96 ደቂቃ ላይ ያልቃል። አንድም ትዕይንት አልጎደለም። የተዋንያኑ ድምፅም ካልተስተካከለ በቀር ከግማሽ ቶን ለጥቂት ባነሰ መጠን ይቀጥናል። ከመክሰስዎ በፊት የዲቪዲውን ደቂቃ በ25 አባዝተው ለ24 ያካፍሉ፤ ውጤቱ ሲኒማ ቤት ከታየው ርዝመት ጋር ከገጠመ መቁረጥ የሚባል ነገር የለም። ካልገጠመ የጎደለውን ትዕይንት ፈልገው፣ ከየትኛው ደቂቃ በኋላ እንደነበረ ይጥቀሱ። ብሉ-ሬይ 24 ፍሬምን እንዳለ ስለሚይዝ ይህ ስሌት በአብዛኛው ለዲቪዲ ብቻ የሚሠራ ነው።

ቴሌቪዥኑን ሳያስተካክሉ ስለ ምስሉ መፍረድ

ብዙ ቴሌቪዥኖች ከካርቶን ሲወጡ ቀለሙን አጋነው፣ ጠርዙን አሹለው፣ እንቅስቃሴውን አለስልሰው ነው የሚያሳዩት። የእንቅስቃሴ ማለስለሻው በሁለት ፍሬሞች መካከል ያልነበሩ ፍሬሞችን ፈጥሮ ስለሚያስገባ፣ ትልቅ ወጪ የወጣበትን ፊልም የስቱዲዮ ቀጥታ ስርጭት ያስመስለዋል። «ርካሽ ቪዲዮ ይመስላል» የሚለው አስተያየት ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ከመጻፍዎ በፊት የምስል ሴቲንጉ ውስጥ ይግቡ። መጀመሪያ ሁነታውን ወደ ሲኒማ ወይም ወደ ፊልምሜከር ይለውጡ። ሁለተኛው በ2019 ይፋ የሆነና ዋናዎቹን ጣልቃ ገብነቶች በአንዴ የሚያጠፋ ስለሆነ፣ ካለዎት ሌላው ድካም ይቀርልዎታል። ከሌለዎት የእንቅስቃሴ ማለስለሻውንና የድምቀት ማስተካከያውን ያጥፉ፤ የሹልነት ቁጥሩን በጥቁር ጽሑፍ ጠርዝ ላይ የሚታየው ነጭ ጥላ እስኪጠፋ ዝቅ ያድርጉ። ኦቨርስካን የሚባለው የምስሉን ዳር የሚበላ ቅንብር ካለ እሱንም ይዝጉ። ይህን ካደረጉ በኋላም ምስሉ መጥፎ ከሆነ፣ ያኔ ወቀሳው የዲስኩ ነው፤ በሙሉ ልብ ይጻፉት።

ጥቁር ማሰሪያውን እንደ ጉድለት መቁጠር

1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ላይ 2.39 ለ1 ምጥጥን ያለው ፊልም ወደ 803 መስመር ብቻ ይይዛል። የቀረው 277 መስመር ከላይና ከታች ጥቁር ይሆናል። ይህ ምስሉ ሙሉ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። ለአሮጌ 4 ለ3 ምስልም በግራና በቀኝ 240፣ 240 ፒክስል ጥቁር መተው ትክክል ነው።

ሊወቀስ የሚገባው ተቃራኒው ነው። በተለይ ዘጋቢ ፊልሞች ውስጥ አሮጌ የማኅደር ምስል ስክሪኑን እንዲሞላ ተብሎ ከላይና ከታች ይቆረጣል። ባለ 4 ለ3 ምስል ወደ 16 ለ9 ሲቆረጥ አንድ አራተኛው ይጠፋል። ያ አንድ አራተኛ የሰልፈኞቹ መፈክር ወይም የሰውየው እጅ ሊሆን ይችላል፤ ለታሪክ ማስረጃ የቀረበን ምስል እንዲህ መሸራረፍ ቀላል ጥፋት አይደለም። ሌላው ጥፋት መለጠጥ ነው፦ የመኪና ጎማና የግድግዳ ሰዓት ክብነታቸውን አጥተው ሞላላ ከሆኑ፣ ሰዎቹም ያለወትሯቸው ከወፈሩ ምስሉ ተለጥጧል። መጀመሪያ የቴሌቪዥንዎ የስፋት ቅንብር እንዳላደረገው አረጋግጠው በድፍረት ይጻፉት።

የፊልም ቅንጣትን «ብናኝ» ብሎ መርገም

በሴሉሎይድ የተቀረጸ ምስል የተሠራው ከቅንጣት ነው፤ በ16 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ቅንጣቱ ከ35ቱ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ጥሩ ዲስክ ያንን ይጠብቃል። ተመልካች «ጥራት የለውም፣ ብናኝ ሞልቶበታል» ሲል አሳታሚዎች ቅንጣቱን በኮምፒውተር ያጥባሉ፤ ቅንጣቱ ሲታጠብ ዝርዝሩም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የተሳሳተ አስተያየት የሚቀጥለውን እትም ጭምር ሊያበላሽ ይችላል።

ቅንጣትን፣ የመጭመቅ ጉዳትንና ከመጠን ያለፈ እጥበትን ለመለየት ምስሉን አቁመው ፍሬም በፍሬም ያሳልፉ። ቅንጣት ረቂቅ ነው፣ ምስሉን ሁሉ እኩል ይሸፍናል፣ በየፍሬሙም ቦታውን ይለውጣል። ፊልሙ ዲስኩ ላይ እንዲበቃ መረጃው ሲቀነስ የሚመጣው የመጭመቅ ጉዳት አራት ማዕዘን ነው፤ ጭስ፣ ጭጋግ፣ የሚናወጥ ውኃና ጨለማ ጥግ ውስጥ ይፈልጉት። ከመጠን ያለፈ እጥበት ደግሞ ፊት ላይ ይነበባል፦ ቆዳው ሰም የተቀባ ይመስላል፣ የቆዳው ቀዳዳዎች ይጠፋሉ፣ ፀጉሩ ተጣብቆ አንድ ጥፍጥፍ ይሆናል።

የመጭመቅ ጉዳት ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ የመረጃ ድርብርብ ያለው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። የሁለት ሰዓት ፊልም ቢጫንበት ለምስል፣ ለድምፅና ለግርጌ ጽሑፍ በአንድነት በሰከንድ 5.2 ሜጋቢት ገደማ ይደርሳል። ባለ ሁለት ድርብርቡ 8.5 ጊጋባይት ስለሆነ ለዚያው ፊልም 9.4 ገደማ ይሰጣል። እዚያው ላይ አራት ሰዓት ካጨቁበት ግን ወደ 4.7 ይወርዳል። «ስድስት ክፍል በአንድ ዲስክ» ተብሎ የሚሸጥ የዘጋቢ ፊልም ስብስብ ሲያዩ የእያንዳንዱን ዲስክ ጠቅላላ ደቂቃ ይጻፉ፤ ያቺ አንዲት ቁጥር ከአሥር የቅሬታ መስመር ትበልጣለች።

ደግሞም ምንጩን ያስቡ። በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሴት የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ ብሉ-ሬይ ላይ ስለወጣ ዝርዝር አይጨምርም፣ ያልነበረ ነገር አይገኝምና። በ16 ሚሊሜትር የተቀረጸ ግን ኔጋቲቩ ካለ እንደገና ሊቃኝ ይችላል፤ ሊቃኝ ሲችል ከአሮጌ የቴሌቪዥን ማስተር ተገልብጦ ከሆነ ወቀሳው ተገቢ ነው።

«ንግግሩ አይሰማም፣ ፍንዳታው ጆሮ ይቀዳል»

5.1 በሚባለው ባለ ስድስት መስመር ድምፅ ውስጥ ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው በመሐለኛው ድምፅ ማጉያ ነው። ስድስቱ መስመሮች በቴሌቪዥን ሁለት ትናንሽ ድምፅ ማጉያዎች ውስጥ ሲታጨቁ ንግግሩ በሙዚቃው ይዋጣል። ዲስኩ የስቴሪዮ ድምፅ ካለው ከሜኑው እሱን ይምረጡ። ከሌለው የማጫወቻውን የድምፅ መውጫ ወደ ስቴሪዮ ይለውጡ፤ የሌሊት ሁነታ የሚባለው ካለ ያብሩት፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ያቀራርባል። በመጨረሻ በጆሮ ማዳመጫ ያረጋግጡ። በዚያም ንግግሩ ከጠፋ ቅይጡ መጥፎ ነው። አፍና ድምፅ ካልገጠሙ ሌላ ዲስክ አስገብተው ይሞክሩ፤ እሱም ካልገጠመ ችግሩ ከመሣሪያዎ ነው።

ትርጉሙን አለመጥቀስ

የዋናውን ድምፅ ነው የሰሙት ወይስ በሌላ ቋንቋ የተደረበውን? አንዳንድ ዲስኮች ላይ የግርጌ ጽሑፉ የተወሰደው ከተደረበው ትርጉም ነው፤ የከንፈር እንቅስቃሴ እንዲገጥም የተለወጠው ቃል ሁሉ ዋናውን ድምፅ ለሚያዳምጠውም ይቀርባል። በዘጋቢ ፊልም ደግሞ የተጠያቂዎቹ ስምና ሥራ የተጻፈበት መስመር መተርጎሙን ይዩ። ማን እንደሚናገር ያላወቀ ተመልካች ግማሹን ፊልም አላየም።

ለርዕሰ ጉዳዩ ኮከብ መስጠት

ዘጋቢ ፊልሞች ላይ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ስለ ጦርነት፣ ስለ ረሃብ፣ ስለ በሽታ የተሠራ ፊልም አይተን ልባችን ተነክቶ አምስት ኮከብ እንሰጣለን። ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ፊልሙ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ፊልሙ ጉዳዩን እንዴት እንደያዘው ነው። ማን ተናገረ? ስሙ እየተነሳ ያልተናገረው ማነው? የማኅደር ምስሉ ቦታና ጊዜ ተጽፎበታል ወይስ ተራኪው ስለ አንድ ከተማ ሲያወራ የሌላ ከተማ ምስል ያልፋል? በተዋናይ የተሠራው ትዕይንት መሆኑ ተነግሯል?

በ1922 የወጣውን፣ ስለ አንድ የሰሜን ካናዳ ኢንዊት አዳኝ የሚናገረውን የሮበርት ፍላኸርቲን «ናኑክ ኦፍ ዘ ኖርዝ» ይውሰዱ። የበረዶ ቤቱ ለካሜራው ብርሃን እንዲገባ አንድ ጎኑ ክፍት ሆኖ ተሠርቷል፤ ዋናው ሰውዬም በፊልሙ የተሰጠው ስም የራሱ አልነበረም፣ አላካሪያላክ ይባል ነበር። «ንጹሕ እውነት» ብሎ የሚያወድሰውም «ውሸት ነው» ብሎ የሚጥለውም አንባቢውን አያገለግሉም። የሚያገለግለው የትኛው ትዕይንት እንደተቀነባበረና ያ ምን እንደሚለውጥ የሚነግረው ነው። የፒተር ጃክሰን የ2018 ሥራ «ዴይ ሻል ኖት ግሮው ኦልድ»ም የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ድምፅ አልባ ምስል ቀለም ቀብቶ፣ ፍጥነቱን አስተካክሎ፣ ከንፈር አንባቢዎች ያወጡትን ንግግር ድምፅ ሰጥቶታል። ስለ ቀለሙ ወይም ስለ ወታደሮቹ ንግግር ሲያደንቁ ይህ ዛሬ የተጨመረ መሆኑን አብረው ካልጻፉ፣ ሳያስቡት አንባቢውን ያሳስታሉ።

ፊልሙ ካነሳቸው ሐሳቦች ሁለት ሦስቱን መርጠው ከሌላ ምንጭ ያመሳክሩ። ዲስኩ ትናንት ቢወጣም ፊልሙ ከ20 ዓመት በፊት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ የተሠራበትን ዓመት ሳይጠቅሱ «መረጃው ትክክል አይደለም» አይበሉ።

መጨረሻውን መንገር

ዘጋቢ ፊልምም መጨረሻ አለው። ፍርድ ቤቱ ምን እንደወሰነ ወይም የጠፋው ሰው መገኘቱን ፊልሙ እስከ መጨረሻው ከደበቀ እርስዎም ይደብቁ፤ ታሪኩ በጋዜጣ የታወቀ ቢሆን እንኳ።

ለተሰበረ ሽፋን አንድ ኮከብ

ዘግይቶ የደረሰ ጥቅል የሻጩ ጉዳይ ነው፤ ለሻጩ ይጻፉ። የማይጫወት ዲስክ ደግሞ ከመኮነኑ በፊት ይመርመር። ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል በተሸጡ ማጫወቻዎች እንደሚሠራ የሚወስነው የክልል ቁጥር ለዲቪዲ ከ1 እስከ 6 ነው፣ የብሉ-ሬይ ኤ፣ ቢ እና ሲ፤ 4ኬ ዲስክ የክልል ገደብ የለውም። ክልሉ ከገጠመ ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርገው ይጥረጉ፣ እያዞሩ አይጥረጉ፤ የክብ ጭረት የመረጃውን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ይበልጥ ይጎዳል። ከዚያ ሌላ ማጫወቻ ላይ ይሞክሩ። ዲቪዲው መሐል ላይ ለአፍታ ቆም ብሎ ከቀጠለ ሌዘሩ ከአንዱ ድርብርብ ወደ ሌላው እየተሻገረ ነው፣ ብልሽት አይደለም። በሁለቱም ማጫወቻ እዚያው ሰከንድ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ሰዓቱን፣ ደቂቃውንና ሰከንዱን ይጻፉ፤ ያው ዲስክ ያላቸው ሌሎች ሰዎች የሕትመቱ ችግር መሆኑን በዚያ ያውቃሉ።

ተጨማሪዎቹን በጅምላ ማለፍ

«ብዙ ተጨማሪ አለው» ምንም አይናገርም። የሦስት ደቂቃ ማስታወቂያ ነው ወይስ የዳይሬክተሩ የ50 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ? ስማቸውንና ደቂቃቸውን ይጻፉ፤ ከቀድሞው እትም የቀረ ካለም ይጥቀሱ፣ አሮጌውን ዲስክ ለመጣል ያሰበ ሰው ያመሰግንዎታል።

ጽፎ መርሳት

አሳታሚዎች ስህተት ያለበትን ዲስክ አርመው እንደገና የሚያትሙበት ጊዜ አለ፤ ሽፋኑ ግን ያው ሊሆን ይችላል። ያኔ የቀድሞው አስተያየት የታረመውንም ሲከስ ይኖራል። አዲሱ ሕትመት እጅዎ ሲገባ የቆየውን አይሰርዙት፤ ከላይ ቀኑን ጽፈው ምን እንደታረመ፣ ሁለቱ ሕትመቶች በምን እንደሚለዩ፣ ለምሳሌ በዲስኩ ውስጠኛ ቀለበት ላይ በተቀረጸው ቁጥር፣ ይጨምሩ።