ድራግ ስትሪፕ ላይ፦ ከፍተሻ እስከ መመለሻ መንገድ

በአሜሪካ ድራግ ስትሪፖች (ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቀጥ ባለ አጭር መንገድ የሚፈጣጠኑባቸው ሜዳዎች)፣ ለምሳሌ ሜሪላንድ በደስ ክሪክ ባለው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ወይም ከዳላስ ወረድ ብሎ ኤኒስ ላይ ባለው ቴክሳስ ሞተርፕሌክስ፣ ማንኛውም ሰው የራሱን መኪና ይዞ የሚገባበት ቀን አለ። "ቴስት ኤንድ ቲዩን" ይሉታል። መንጃ ፈቃድና ፍተሻ የሚያልፍ መኪና ያለው ሰው ከፍሎ ይገባል፣ ተራውን ጠብቆ ሩብ ማይል (1320 ጫማ፣ ወደ 402 ሜትር) ወይም የዚያን ግማሽ ይነዳል፣ ከዚያ ሰዓቱ የታተመበትን ወረቀት ተቀብሎ ይመለሳል። ዋንጫ የለም። ስለዚህ ጎን ለጎን የቆመውን ለመብለጥ ተብሎ የሚሠራ ብልግና እንኳን ሊያስመሰግን ምንም አያስገኝም።

በአንድ ጊዜ የሚነሡት ሁለት መኪኖች ናቸው፤ አስፋልቱ ግን የሁሉም ነው። አንዱ ጥሎት የሄደውን ውሃ፣ ዘይት ወይም ጠጠር የሚያገኘው ከኋላው ተሰልፎ የነበረው ነው፤ ያውም ጎማዬ ይይዛል ብሎ ሙሉ ነዳጅ በሰጠበት ቅጽበት። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ከቤት ሳትወጡ

ፍተሻው ላይ ከሚመለሱት መኪኖች ብዙዎቹ የሚመለሱት በትንንሽ ነገር ነው። ባትሪው በገመድ ወይም በላስቲክ ታስሯል፣ የራዲያተሩ ትርፍ ውሃ መቀበያ ጠፍቷል፣ አንድ ዳዶ ጎድሏል። ሦስቱንም ከዋዜማው እቤት ማስተካከል ይቻላል።

ከጎማው ጀምሩ። ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ፣ የመኪናው መመሪያ በሚያዘው ልክ አጥብቁ፤ በግምት ወይም በእግር እየረገጡ አይሆንም። ትልቁ የአሜሪካ ድራግ ውድድር ድርጅት ኤንኤችአርኤ የሚያወጣው ደንብ፣ ዳዶው ውስጥ የሚገባው ጥርስ ርዝመት ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል መሆን አለበት ይላል። ብሎኑ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት ጥርሱ በ1.5 ሚሊ ሜትር የሚራመድ ከሆነ፣ ዳዶው ከያዘ በኋላ 8 ሙሉ ዙር መዞር አለበት ማለት ነው። በ4 ወይም በ5 ዙር ከጠበቀ ብሎኑ አጥሯል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ቸርኬውን ወደ ውጭ ለማውጣት ስፔሰር ያስገቡ መኪኖች ላይ ነው። የቸርኬ ጌጥ ክዳን ካለ ነቅላችሁ እቤት ተዉት።

ቀጥሎ ፈሳሽ። ከራዲያተሩ ሞልቶ የሚፈሰውን የሚቀበል ቢያንስ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ (16 አውንስ) ዕቃ መኖር አለበት፤ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ከፋብሪካው የመጣው ይበቃል፣ ክዳኑና ቱቦው ደኅና መሆናቸውን ብቻ እዩ። አንቱፍሪዝ መሬት ላይ ከፈሰሰ እንደ ውሃ ተንኖ አይጠፋም፣ አስፋልቱን ያሙለጨልጨዋል፤ ለውድድር ብቻ የተሠሩ መኪኖች ንጹሕ ውሃ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ዘይት የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ቀይሩና ሁለት ሦስት ቀን ነድታችሁ ከሥር ተመልከቱ። በዕለቱ ጠዋት በጥድፊያ የተቀየረ ዘይት፣ በደንብ ያልጠበቀ ፊልትሮና ሌላ ሰው የሚንሸራተትበት ኩሬ ይዞ ይመጣል።

ከዚያ መኪናውን ባዶ አድርጉት። ከወንበር ሥር የተረሳ የውሃ ጠርሙስ ሲነሡ ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ መጨረሻው ላይ ፍሬን ስትይዙ ተመልሶ ይመጣና ፔዳሉ ሥር ይሸጎጣል። በሾፌሩ በኩል ያለውን ምንጣፍም አውጡ።

ልብስን በተመለከተ ሙሉ ሱሪ፣ እጅጌ ያለው ሸሚዝ፣ ጣትና ተረከዝ የሚሸፍን ጫማ ይፈለጋል። በቁምጣና በነጠላ ጫማ መጥቶ ፍተሻውን ያለፈ የለም። ጥጥ ይሻላል፤ የናይለን ቱታ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ሩብ ማይሉን በ13.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ የምትጨርሱ ከሆነ ሄልሜት ግዴታ ነው፤ ውስጡም የስኔል ወይም የኤስኤፍአይ (የውድድር ዕቃ ደኅንነት ደረጃ የሚያወጡ ድርጅቶች ናቸው) ምልክት መኖር አለበት። ለመንገድ ሞተር ሳይክል የሚሸጥ፣ ዶት (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለበት ሄልሜት አይበቃም። የስኔል ደረጃ በየ5 ዓመቱ ስለሚታደስ ያገለገለ ከመግዛታችሁ በፊት የተለጠፈውን ዓመት አንብቡ። ከ11.49 ሰከንድ ጀምሮ ሮል ባር (መኪናው ቢገለበጥ ሾፌሩን የሚጠብቅ የብረት ቱቦ) ይጠየቃል፤ ከፋብሪካ እንደወጡ ያሉ ከ2008 እስከ 2013 ሞዴሎች እስከ 10.00 ሰከንድ፣ የ2014 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ደግሞ እስከ 9.00 ሰከንድ ያለዚያ ይፈቀድላቸዋል። ጣሪያቸው የሚከፈት መኪኖች ግን ጠበቅ ያለ ደንብ አላቸው። መኪናችሁ ምን ያህል እንደሚፈጥን ለፈታሹ አትዋሹ። የውጤት ሰሌዳው ላይ ሰዓቱ ሲበራ ሁሉም ያየዋል፣ ከመቆጣጠሪያው ማማም ተጠርታችሁ ወደ ቤት ትላካላችሁ።

ሰልፉ ላይ

ተራ ስትይዙ መኪናውን ጥሎ መጥፋት የለም። ሰልፉ ቆሞ የቆየ መስሎ ድንገት ይንቀሳቀሳል፣ ሾፌር የሌለው መኪና ደግሞ ከኋላው ያሉትን በሙሉ ያግዳል። ከፊት 3 ወይም 4 ጥንድ ሲቀር ቀበቶ ታስሮ፣ ሄልሜት ተደርጎ፣ መስኮት ተዘግቶ መጠበቅ ነው። ቀበቶውን መነሻው ላይ ደርሶ የሚፈልግ ሰው የሌላውን ጎማ ያቀዘቅዛል፤ ጎረቤቱ ጎማውን አሙቆ ጨርሷልና።

እዚሁ ሰልፍ ላይ ኤሲ አጥፉ። ጀማሪዎች ከሚረሱት ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለናል። ኤሲ የሠራ መኪና ከሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል፤ መነሻው መስመር ላይ 20 ሰከንድ ቢቆም ቀጣዩ መኪና ጎማውን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ኩሬ ትቶ ይሄዳል። ተነሺው ላይ ብቻ ሳይሆን ሠራተኞቹ ላይም ጣጣ ነው፤ ወጥተው ማድረቅ አለባቸው። ጠብታው እንዲያልቅ 10 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ማጥፋት ይበቃል።

ከጎናችሁ የሚሰለፈውን ሰላም በሉት። የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነ ንገሩት። ልምድ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ይታገሣል፣ መነሻው ላይም አያቻኩላችሁም።

ውሃው

ከመነሻው ኋላ ውሃ የሚፈስበት ቦታ አለ፤ "ዋተር ቦክስ" ይባላል። የተሠራው ለስሊክ (ጥርስ ለሌለው የውድድር ጎማ) እና ለድራግ ራዲያል (በመንገድም ለሚነዳ፣ ለድራግ ለተሠራ ለስላሳ ጎማ) ነው። ተራ የመንገድ ጎማ ያለው መኪና በጎን ዞሮ ማለፍ አለበት። የመንገድ ጎማ ጥርስ ውሃ ይይዛል፤ ጎማው እየተሽከረከረ ውሃውን ወደ ጭቃ መከላከያው ይረጨዋል፣ ከዚያ መነሻው ላይ ስትቆሙ ጠብ፣ ጠብ እያለ ይወርዳል። የራሳችሁን መነሣት ከማበላሸቱም በላይ፣ ሠራተኞቹ ጎማ እንዲይዝ የቀቡትን ማጣበቂያ ያበላሻል። በጎን ካለፋችሁ በኋላ አቧራና ጠጠር እንዲራገፍ ጎማውን ለአንድ ሁለት ሰከንድ ማሽከርከር ይበቃል፤ ጭስ አያስፈልግም። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ይህንንም አይሞክር፤ ሸክሙ በሙሉ ካምቢዮውና ዲፍረንሻሉ ላይ ያርፋል።

ድራግ ራዲያል ያላችሁ ጎማውን አርጥባችሁ ከውሃው ወጣ በሉ፣ ሠራተኛው ምልክት ሲሰጥ አሽከርክሩ፣ ቀጭን ጭስ ሲታይ አቁሙ። በርንአውቱ (ጎማውን አሽከርክሮ ማሞቁ) ላይ እያላችሁ መነሻውን መስመር አትለፉ። ሰው ምልክት ካልሰጣችሁ ወደ ኋላ አትመለሱ፤ ቪዲዮ የሚቀርጸው ጓደኛችሁ የት እንደቆመ በመስታወት ላታዩት ትችላላችሁ። ጓደኛውም ከሚሽከረከር ጎማ ቀጥታ ኋላ መቆም የለበትም፤ ጠጠር ከዚያ በኃይል ነው የሚወጣው።

መብራቱ

መነሻው ላይ ያለው የመብራት ምሰሶ "የገና ዛፍ" ይባላል፤ ከ1963 ጀምሮ በዚሁ ስም ይታወቃል። ከላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ቦታችሁን ይነግሯችኋል። የመጀመሪያው ጥንድ (ፕሪስቴጅ) መስመሩ ቀርቧል ይላል፤ ሁለተኛው (ስቴጅ) የፊት ጎማችሁ መነሻው ላይ ነው ይላል። መብራቶቹን የሚያበሩት መንገዱን የሚያቋርጡ ሁለት የብርሃን ጨረሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው 7 ኢንች ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው በኋላ ፍሬን እየለቀቃችሁ በእንፉቅቅ ነው የምትሄዱት።

ጨዋነቱ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ሁለቱም የመጀመሪያውን መብራት ሳያበሩ አንዱ ሁለተኛውን አያበራም። ፈጥኖ ገብቶ ሌላውን የሚያጣድፍ፣ ወይም ሆን ብሎ ዘግይቶ የሌላውን ሞተር የሚያግል ሰው ፒት (መኪኖች የሚቆሙበትና የሚጠገኑበት ቦታ) ውስጥ ስሙ ቶሎ ይታወቃል። መነሻውን ካለፋችሁ ደግሞ በራሳችሁ ወደ ኋላ አትጎትቱ፤ ስታርተሩን (መኪኖቹን የሚያስነሣውን ሠራተኛ) እዩ፣ በእጁ ምልክት ይመልሳችኋል።

በተለመደው አሠራር ሦስቱ ቢጫዎች በ0.5 ሰከንድ ልዩነት በየተራ ይበራሉ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ሰዓታችሁ መቁጠር የሚጀምረው መብራቱ ሲበራ ሳይሆን ጎማችሁ ከጨረሩ ሲወጣ ነው። ስለዚህ መኪናችሁ ምን ያህል እንደሚፈጥን ለማወቅ ለመጣችሁ ሰዎች መዘግየት ምንም አያስከፍልም። አረንጓዴውን አይታችሁ ተረጋግታችሁ ውጡ።

መንዳቱና መቆሙ

ጎማው ከተንሸራተተ ወይም መኪናው ወደ መሐል መስመር ካዘነበለ እግራችሁን ከነዳጁ አንሡ። መሪውን በኃይል መመለስ፣ ፍሬን በድንገት መርገጥ ወይም ነዳጅ መልሶ መስጠት መኪናውን ወደ ሌላው መስመር ይወረውረዋል፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ሰው አለ። የተበላሸ ዙር እንደተበላሸ ይቅር፣ ሌላ ተራ አለ።

በሰዓት 100 ማይል የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 147 ጫማ ያህል ይበላል። ሰሌዳው ላይ የበራውን ሰዓት ለማየት አንገት ማዞር ዋጋው ያ ነው፤ ወረቀቱ ይጠብቃችኋል፣ አይቸኩል። ፍጥነታችሁ የሚለካው በመጨረሻው 66 ጫማ ውስጥ ስለሆነ መስመሩን ሳታልፉ ፍሬን አትያዙ። ካለፋችሁ በኋላም በቀስታ ያዙ፤ ከጎናችሁ የነበረው የት እንዳለ እስክታዩ በመስመራችሁ ቀጥ በሉ።

መውጫው በአንድ በኩል ነው። ወደ መውጫው የሚቀርበው መስመር ላይ ያለው መኪና ቀድሞ ይታጠፋል። በሩቁ መስመር ያለው ፍጥነቱን ቀንሶ ከኋላው ይከተላል እንጂ ፊቱን አቋርጦ አይታጠፍም፤ በ5 መኪና ርዝመት እንኳ ቀድማችሁ ቢሆን። መውጫው ካመለጣችሁ ቀጣዩን ያዙ። ስትሪፑ ላይ ዞሮ መመለስ የሚባል ነገር የለም።

ከተሰበረስ? የዘይት ሽታ፣ ነጭ ጭስ፣ ከሥር የመጣ ድብደባ ስትሰሙ እንደምንም መውጫው ልድረስ አትበሉ። ነዳጅ ተዉ፣ በራሳችሁ መስመር ወደ ግድግዳው በኩል ጠጉ፣ ቁሙ፣ ከቆማችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፉ። እየተንከባለላችሁ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ብታዞሩ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። አንድ ቦታ የፈሰሰ ዘይት በፍጥነት ይጸዳል፤ 1000 ጫማ እየጎተታችሁት ከሄዳችሁ ግን የሁሉንም ምሽት ወሰዳችሁ። እሳት ከሌለ ሠራተኞቹ እስኪደርሱ ቀበቶ እንደታሰረ ውስጥ ቆዩ። እሳት ካለ ውጡና ወደ ግድግዳው ጀርባ ሂዱ።

ፒት

እዚህ ሕጉ በእግረኛ ፍጥነት መሄድ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ስትመጡ የሚሰማችሁ የለም። ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ከመኪና ሥር የተኛ ሰው እግር መንገድ ላይ ወጥቶ ይሆናል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ መደገፊያ ይቁምለት።

ቤተሰብ ይዞ መጥቶ ምሳ ዘርግቶ መዋል የተለመደ ነው። ቡና የሚፈላ ከሆነ ግን ከሰሉ ከነዳጅ ጄሪካንና ከጎረቤት ጄኔሬተር ይራቅ። ቢራው የምሽቱ የመጨረሻ ዙር አልቆ፣ መኪናውንም ሌላ ሰው የሚነዳው ሲሆን ብቻ ይከፈት። የሰው ኮፈን ተከፍቶ ስታዩ ለማየትም ሆነ ለመቅረጽ ጠይቁ። ሰልፍ ላይ ሄልሜት ያደረገን ሰው ግን ምንም አትጠይቁት፤ ሲመለስ ያወራችኋል። መሣሪያ ከተዋሳችሁ ጠርጋችሁ በራሳችሁ እግር መልሱ፤ ባለቤቱ እየዞረ አይፈልገው።

ከመውጣታችሁ በፊት፣ የኋላ ጎማ ንፋስ ቀንሳችሁ ከነበረ በሩ ላይ በተጻፈው ልክ መልሱ፤ በጎደለ ንፋስ ኢንተርስቴት ላይ አንድ ሰዓት መንዳት ጎማውን ከውስጥ አግሎ ያፈነዳዋል። ዳዶዎቹንም ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጊዜ በቶርክ ቁልፍ ሞክሩ። ፍሬኑ ገና ትኩስ ከሆነ መኪናውን በእጅ ፍሬን ሳይሆን በማርሽ ወይም በፒ አቁሙ።