ጠዋት ጠዋት ስኳር ለምን ይጨምራል? በሦስት ሌሊት እንዴት እንደሚለይ

ማታ ስትተኙ 130 የነበረው የደም ስኳር ጠዋት 190 ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሌሊቱን እህል አልቀመሳችሁም። ይሄኔ ብዙ ሰው ጥፋቱን ራት ላይ ያላክክና ወይ ጦሙን ያድራል ወይ ኢንሱሊኑን በራሱ ጨመር ያደርጋል። ቆይ እስቲ! መጀመሪያ ሌሊት የሆነው ይታወቅ።

ንጋት ሲቃረብ እንደ ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖች ይጨምራሉ፣ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ጤነኛ ሰው ላይ ኢንሱሊን ወዲያው ያስተካክለዋል፤ እኛ የስኳር ሕመም ያለብን ላይ ግን ከፍ እንዳለ ይቀራል።

ለሦስት ሌሊት እየለካችሁ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ልትተኙ ስትሉ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ልክ እንደነቃችሁ ቡና እንኳ ሳትቀምሱ። (ስልካችሁ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ አላርሙን 3:00 ላይ ሙሉት።) የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ውድ ስለሆነ የሦስቱ ሌሊት ይበቃል። እጅ መታጠብ እንዳይረሳ፤ እኔ አንድ ጠዋት ለልጄ ብርቱካን ልጬ ሳልታጠብ ብለካ 260 አለኝ፣ ታጥቤ ስደግመው 148።

አሁን ቁጥሮቹን እዩ። ስትተኙም ከፍተኛ ከነበረ ነገሩ ከራት ወይም ከመድኃኒቱ ነው፤ ራት ቀደም ይበል፣ እንጀራው ይቀነስ፣ ከበላችሁ በኋላ 15 ወይም 20 ደቂቃ ወክ አድርጉ። ስትተኙም 9 ሰዓትም ደህና ሆኖ ጠዋት ብቻ ከጨመረ የንጋቱ ሆርሞን ነው። ጠዋት ኢንሱሊን ቶሎ ስለማይሠራ ቁርስ ላይ ፍርፍሩን ቀነስ አድርጋችሁ እንቁላል ጨምሩበት፣ ቡናውም ያለ ስኳር ይሁን።

9 ሰዓት ላይ ከ70 በታች ካያችሁ ግን ጽፎ መተኛት የለም። 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙት። ላብ አስምጧችሁ ወይም ቅዠት ቀስቅሷችሁ ከሆነም አላርሙን ሳትጠብቁ ለኩ። ሲነጋ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ። እዚህ ላይ ነው በራስ ፈቃድ ኢንሱሊን መጨመር የሚያስፈራው፣ ምክንያቱም ጠዋት ከፍ ያለ ቁጥር ያየ ሰው ሌሊት መውረዱን አያውቅም።

ወረቀቱን ለሐኪማችሁ ስትወስዱ ራት የበላችሁበትንና መርፌ የወጋችሁበትን ሰዓት ከጎኑ ጻፉ። በተለይ ደፍረስ ያለውን ኤንፒኤች ኢንሱሊን ከራት ጋር የምትወጉ ከሆነ፣ ኃይሉ እኩለ ሌሊት አካባቢ በርትቶ ንጋት ላይ ሊደክም ስለሚችል ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ መኝታ ሊገፋው ይችላል።